እፍ ያለችበት ክንድ

«አልፈልግም አልኩ እኮ!» ድቡሌ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተንፈራገጠ። በእጁ ላይ በተሰካችው ቀጭን ቱቦ የሚገባው ጠንካራ መድኃኒት የበላውን ሁሉ እያስመለሰው፣ ያ ድቡልቡል ጉንጩ ሟሽሿል። እናቱ ግንባሩን ትዳብሳለች። ታላቅ እህቱ ደግሞ አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ በሩ ትመላለሳለች። ድሮም ቁጭ ስለማትል «ንቢት» ነው የሚሏት፤ የዛሬው መቁነጥነጥ ግን የጤና አልነበረም።

«ኧረ ልጄ፣ አዞርሽኝ!» አለች እናቷ።

ዶክተሩ የድቡሌን ደም ለምርመራ ከቀዳችው ነርስ ጋር ገባ።

«ትኩሳቱ ወርዷል፤ ደሙ ውስጥ ግን ጀርም ተገኝቷል» አለ። «ወይ እውነትም ታሟል፣ ወይ ሲቀዳ ጀርሙ ከውጭ ገብቶ ናሙናውን በክሎታል። እስክናውቅ ድረስ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ሲስተር፣ በደንብ አጽድተሽው ነበር?»

«አጽድቼ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ ነው የወጋሁት።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። ንቢት ደሙ የተቀዳ ዕለት ያደረገችው ትዝ አላት።

ያን ቀን ነርሷ ክንዱን በአልኮል ጠርጋ፣ «እንዳትነኩት፣ ይድረቅ» ብላ ደሙ የሚገባበትን ጠርሙስ ልትከፍት ዞር ስትል፣ ድቡሌ «ቀዘቀዘኝ!» ብሎ አለቀሰ። ንቢትን አንጀቷን በላት። ጎንበስ ብላ እፍ፣ እፍ አለችለት፤ እንባውን በጠረገችበት ጣቷም ቦታውን አሸት አሸት አደረገችው። እሱም ሳቀላት።

ዶክተሩና ነርሷ እንደወጡ እናቷ ፈነዳች። «በልጄ ይጫወቱበታል! ይቺን ነርስ ለአለቃዋ ባልነግርባት!»

ድቡሌ ወደ እህቱ ጆሮ ተጠጋ። «አንቺ አይደለሽ ያደረቅሽው?»

«ዝም በል፣ እንዳታስበላኝ!» አለችው በሹክሹክታ። ወዲያው ራሷን ጠላች።

ነርሷ መድኃኒቱን በስሪንጅ ይዛ ተመለሰች። ድቡሌ አሁን አልተንፈራገጠም፤ ደክሞት እጁን ዝም ብሎ ሰጣት። ንቢት ይሄን ማየት አላስቻላትም።

«ሲስተር፣ ቆይ! እንዳይሰጡት። ዶክተሩን ይጥሩልኝ።»

ነርሷ ግራ ተጋብታ ወጣች። እናቷ ቀና አለች። «ደግሞ ምን ሆንሽ?»

ንቢት የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

«እማዬ፣ እሱ እስኪመጣ መጀመሪያ አንቺ ስሚኝ» አለችና፣ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል መናገር ጀመረች።