ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሸሚዝ

ልጅቷ ከገበያ የተገዛውን ሸሚዝ ምልክት በምላጭ ፈትታ፣ በቦታው የቤተሰቡን ምልክት እየሰፋች ነው። ይህ ስምንተኛው ቅዳሜ ስለሆነ እጇ ለምዶታል፤ ልቧ ግን እንቢ ብሏታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተሰቡ የሸሚዝ ፋብሪካ አንድ ሸሚዝ ለአያቷ ይመጣ ነበር። አባታቸው በአንዲት የእግር ስፌት መኪና የጀመሩትን ሥራ አርባ መኪና ያደረሱት አያቷ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም ስፌቱን በጣታቸው ዳብሰው «ይሄ የእገሌ እጅ ነው» ይላሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ሸሚዝ ገበያውን ሲወስደው፣ አባቷ ከሁለት ወር በፊት መኪኖቹን ሸጦ ፋብሪካውን ዘጋ። ለአያቷ ግን ማንም አልነገራቸውም።

«ልባቸው ደካማ ነው፤ ከሰሙ አይተርፉም» ብሏታል አባቷ። «አደራ!»

ሰፍታ ስትጨርስ አያቷ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሸሚዙን ተቀብለው ኮሌታውን ዳበሱ። ጣታቸው ጫፉ ላይ ሲደርስ ፊታቸው ጠቆረ።

«አሁንም እንዲህ ነው የምትሰፋው?»

«ማን፣ አባባ?»

«ኮሌታ ናታ! ዓይኑ ጠፋ ብላ ታላግጥብኛለች።»

ኮሌታ የሚሏት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስለሰፋች ነው። ልጅቷን መርፌ ያስያዘቻትም እሷ ናት። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትታ ቤቷ ተቀምጣለች።

በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ስትከፍት እሷው ናት፤ ብርቱካን በፌስታል ይዛ አያትየውን ልትጠይቅ መጥታለች።

«እትዬ ኮሌታ ናት፣ አባባ።»

«ቤቴ እንዳትገባ! ሠላሳ ዓመት አምኛት በዚህ ኮሌታ ስሜን አበላሸችው!»

ሴትዮዋ ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች። ልጅቷ እፍረት አንገበገባት። ያንን ምልክት የሰፋችው በገዛ እጇ ነው።

«እውነቱን ልንገራቸው?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ። ፋብሪካው አለ ብለው ይኑሩ።» አለች ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ኮሌታ እንኳ ተመልሶብኝ አያውቅም ነበር እኮ።» ፌስታሉን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

ብትናገር አያቷን ልትገድላቸው ትችላለች። ዝም ብትል ይህች ሴት የተዋረደች ሆና ትቀራለች። ሁለቱንም የሚያድን መንገድ ፈልጋ አጣች፤ የትኛውም ጨለማ ነው።

ሮጣ የሴትዮዋን እጅጌ ያዘች። ጎትታ አስገባቻትና አያቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይሄን ኮሌታ እሷ አልሰፋችውም።»

«ታዲያ ከኛ ማን ሰፋው?»

የአያቷን እጅ ያዘች፤ ቀዝቅዟል። አባቷ «አደራ!» ያለው ጆሮዋ ላይ አቃጨለ።

«ከኛ ማንም አልሰፋውም» አለች።