የዋልማ ትንፋሽና የሆርዳ መረብ

ሊቀ ጠበብት ዛንቆል ዓሣ አጥማጁን ሆርዳን የሰደበው በመረብ ቡራኬ በዓል፣ ልክ መለከቱ ተነፍቶ ሲያበቃ፣ የሳርማን ወደብ ሕዝብ ሁሉ ጆሮውን ባቀናበት ሰዓት ነው። ሆርዳ «የእርስዎ ላስቲክ ባሕሩን እያነቀው ነው» ቢለው፣ ያንን የማይበሰብስ ላስቲክ በአስማት የፈለሰፈው ሊቅ ከት ብሎ ሳቀ።

«ፊደል እንኳ ሳይጨርስ ከትምህርት ቤቴ የተባረረ ዛሬ እኔን ሊያስተምር? ሂድ ወዲያ፣ የዓሣ ሽታህን ይዘህ!»

ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ሆርዳ መልሱ የመጣለት ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ክረምት ሙሉ፣ መቅዘፊያውን በሳበ ቁጥር ያንኑ መልስ ጮክ ብሎ እያነበነበ ሲስለው ኖረ።

አንድ ማለዳ ባሕሩ እንደሸሸ ቀረ። ማዕበልን በትንፋሹ የሚገፋውና የሚመልሰው የጥልቁ ታላቅ ፍጡር፣ ዋልማ፣ ታፍኖ ነበር። እሱ ከሞተ ባሕሩ ረግቶ ይገማል፤ ሳርማንም አበቃላት።

ኤምሪት የምትባል የዛንቆል ተማሪ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ፣ በጭቃው ላይ እየሮጠች ወደ ሆርዳ ታንኳ መጣች።

«ጋሼ ሆርዳ፣ ይቅዘፉልን! ጉሮሮው ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው፤ እናወጣዋለን።»

«ሊቁ ነው የላካችሁ?»

«እሱማ በሩን ዘግቶብን ነበር! በመስኮት ዘለን ነው የመጣነው።»

ሆርዳ ከስንት ዘመን በኋላ ፈገግ አለ። «ግቡ!»

ልጆቹ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ «ዋልማ ሳይተነፍስ እኛም ቤታችን አንገባም!» ብለው ማሉ።

የዋልማ አፍ ከቤተ መንግሥት በር ይሰፋል። እየቀዘፉ ገቡ። ጉሮሮውን የዘጋው የላስቲክ ጉብታ በጨለማው ውስጥ ያብለጨልጫል። በሜንጦ ቢጎትቱት ቁራጩ እየተቀደደ ሌላው ይበልጥ ጠበቀ። ከታንኳዋ ሥር ግዙፉ ምላስ ተንቀጠቀጠ፤ ፍጡሩ እያጣጣረ ነው።

«በመረብ ካልጠፈርነው አይወጣም» አለች ኤምሪት። ወዲያው ሆርዳን አየችውና አፏን ያዘች። በሳርማን ሕግ መረቡን ትከሻው ላይ ያልጣለ ዓሣ አጥማጅ በወደቡ ሕዝብ ፊት ቃል አይተነፍስም፤ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

«ምን ያፈዝሻል? ጫፉን ያዢ!» አላት።

ጉብታውን ዙሪያውን ጠፍረው ቋጠሩት። ዋልማ ኃይለኛ ሳል ሳለ። ታንኳዋ፣ ሰዎቹና የላስቲኩ እስር እንደተያያዙ አሸዋው ላይ ተወረወሩ። ከኋላቸው ባሕሩ እያጓራ ተመለሰ።

ሕዝቡ እልል እያለ ወረደ። ዛንቆል ከፊት ነበር፤ ካባውን እንደ ወትሮው ጭቃ አልነካውም። እስሩን ዞሮ ዞሮ አየና ፈገግ አለ።

«ሆርዳ፣ ለእኔ ያዘጋጀኸው መልስ እንዳለህ ሰምቻለሁ። ተናገራ! ወይስ መረብ የለህም? ሕግ ሕግ ነው። ቋጠሮውን ፍታ፣ መረብህን ትከሻህ ላይ ጣል፤ ያኔ እሰማሃለሁ።»

ነፋሱ ወደ ባሕሩ ነበር የሚነፍሰው። ቋጠሮው ቢፈታ ላስቲኩ ሁሉ ተመልሶ ወደ ዋልማ ጉሮሮ ነው። ኤምሪት የሆርዳን እጅ ታያለች።

ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ አረፉ። የሰባት ክረምቱ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የተሳለ፣ አንዲት ቃል ያልጎደለው።

ገመዱን ሳበ። ይበልጥ አጠበቀው።

ከዚያም መቅዘፊያውን አንሥቶ፣ በዛንቆል ፊት አልፎ ሄደ።