ቅርንጫፍ የሌለው ብስክሌት

ጋሽ ፍቅረማርያም ከእንጦጦ ማርያም በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ቦይ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ብስክሌታቸው አጠገባቸው ወድቋል፤ የፍሬኑ ገመድ ተንጠልጥሏል። ከኮታቸው እጥፋት ቀይ የፕላስቲክ ስባሪ ወጣ። ፖሊስ በዚያው ዕለት ብስክሌቱን የጠገነውን ረዳን አሰረ።

ኢንስፔክተር አፀደ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ተፈቷል። ቢሆንም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ረዳ ሳያጠብቀው ቀርቶ ይሆናል።

የካ ሚካኤል አካባቢ ካለው የሟቹ ቤት ስትደርስ ልጃቸው ናዝሬት ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛው ተነጥላ ተቀምጣለች።

«ረዳን ፍቱት» አለቻት። «ፍሬኑን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደስ ይበለው ብዬ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ብስክሌት ይወዱ ነበር?»

«ልጅ ሆኖ የመድኃኒት ቤት ተላላኪ ነበር። ከፒያሳ እንጦጦ ድረስ መድኃኒት ያደርሳል። ዳገቱን እየገፋ ይወጣል፤ ሲመለስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላ ያስርና እየጎተተ ይወርዳል። ቅርንጫፉ ነው ብስክሌቱን የሚይዝለት። ስንቴ ነገረን!» ፈገግ ልትል ሞከረችና አለቀሰች።

ከሟቹ ጋር የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ገረሱ ደጅ ላይ ከመኪናው የለቀስተኛ ወንበር ያወርዳል። ከመኪናዋ የኋላ መብራቶች አንዱ ደብዝዟል፤ ሌላው አዲስ ነው።

«የልጅነት ታሪካቸውን ላንተም ነግረውሃል?» አለችው አፀደ።

«ኧረ ይተዉኝ! አጎቴ ‹ያኔ ልጅ ሳለሁ› ካለ እኔ ኢርፎኔን ነው የምሰካው። ሬዲዮ እኮ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና።»

ረዳ ጣቢያ ውስጥ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃት። «አጥብቄዋለሁ አልኩ እኮ! ጋሼ ራሳቸው ሞክረው ሳቁብኝ። ‹ይሄ ለከተማ ነው፤ ለእንጦጦ ቁልቁለት ቅርንጫፌን አልተውም› አሉኝ።»

በሣልስቱ ዕለት አፀደ ረዳን ይዛ መጣችና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጋሽ ፍቅረማርያም ያንን ቁልቁለት ያለ ቅርንጫፍ ወርደው አያውቁም። ብስክሌቱ ላይ ግን ቅርንጫፍም ማሰሪያም የለም፤ በመንገዱ አቧራ ላይም የተጎተተ ነገር ዱካ አልነበረም። ስለዚህ እየነዱ አልወረዱም። ብስክሌቱን እዚያ ያጋደመው፣ ፍሬኑንም የፈታው ሌላ ሰው ነው። ታሪኩን የሰማ ቢሆን ቅርንጫፍ ያስር ነበር። ናዝሬት በቃሏ ታውቀዋለች። ረዳም ሰምቷል። ያልሰማኸው አንተ ነህ፣ ገረሱ።»

ገረሱ ሳቀ። «ወሬ ባለመስማቴ ነፍሰ ገዳይ ልባል?»

«በእሱ ብቻ አይደለም። የመኪናህ የኋላ መብራት የተቀየረበትን ጋራዥ አገኘነው። አሮጌው እዚያው ተጥሏል። ኮታቸው ውስጥ የነበረው ስባሪ ልክ ገጠመለት።»

የገረሱ ሳቅ ጠፋ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«የግቢው በር ላይ መቆሙን አላየሁም። ወደ ኋላ ስወጣ... ጠጥቼ ነበር። መታሰር ፈራሁ።»

ረዳ በረጅሙ ተነፈሰ። ናዝሬት ግን ተነስታ ገረሱ ፊት ቆመች።

«መኪናው ላይ ስትጭነው ሞቶ ነበር?»

ገረሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ገረሱ!»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ወደ እንጦጦ በየት በኩል ይዘኸው ወጣህ?»

ገረሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«በሐኪም ቤቱ በር አልፌ» አለ።

ናዝሬት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አፀደ ልታጽናናት እጇን ዘረጋችና፣ መልሳ ሰበሰበችው።