በረዶ የማይቆይበት ጎድጓዳ

በረዶው የተራራው ወገብ ላይ ያዛቸው። ግዊሊም በቅሎዋን እየጎተተ ከፊት፣ ሚስቱ ሜሬሪድ ጅራቷን ይዛ ከኋላ፣ የምዕራብ ካናዳን ገደል በዳበሳ ወጡት። ዌልስ ያለ ቤታቸውን ሸጠው የመጡት ለአንድ የከሰል ቦታ ነው፤ ቀድሞ ችካል የተከለ ይወስደዋል። ዱጋልድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ደግሞ ዱካቸውን እየተከተለ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድብ ተከተላቸው። አንድ ጎድጓዳ ስፍራ አፋፍ ሲደርሱ ግን አሸተተና ተመለሰ።

«ንቆን ነው» አለች ሜሬሪድ። «አጥንት ብቻ መሆናችንን አይቶ።»

ጎድጓዳው ውስጥ በረዶ የለም። መሬቱ ይሞቃል፤ የሚፈልጉት ከሰል ከገደሉ ተገልጦ ይታያል፤ ከስንጥቁ ጭስ ይወጣል። ከሥር እየነደደ ነው። ግዊሊም የጉድጓድ ፋኖሱን ለኮሰ፤ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የከሰል ቆፋሪ ሕግ አንድ ናት፤ መብራት የሚያኖር አየር ሰውም ያኖራል። ስለዚህ ተቀመጡ።

ችካል ሊተክል መዶሻ አነሳና ጉልበቱን መታ። አላመመውም።

«የመጣነው ለምን ነበር?»

«ለሰርግ» አለች።

«የማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተጠራኸው አንተ አይደለህ?»

ሳቁ። በቅሎዋ ተንበርክካ ወደቀች፤ በእሷም ሳቁ። ሚስቱን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ስሟ ጠፋው። ያን ጊዜ ፈራ። ጉንጯን አየ፤ ቀልቷል። ከተቃጠለ ጉድጓድ ተሸክሞ ያወጣቸው ሬሳዎች ጉንጭ እንዲህ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ ፋኖሱ አሁንም ደህና ይበራል። ይህ የከሰል ጭስ መርዝ ሰው እንጂ መብራት አያጠፋም።

ችካሎቹንና የወደቀችውን በቅሎ ጥሎ፣ ሚስቱን እየጎተተ፣ በደረቱ እየተሳበ አፋፉ ላይ ወጣ። አስመለሳት። ቀና ሲል ዱጋልድ በወዲያኛው በኩል እየወረደ ነው።

«አትግባ! አየሩ ይገድላል!»

«ፋኖስህ እየበራ?» ሳቀ ዱጋልድ። «እኔም ቆፋሪ ነኝ እኮ ወንድሜ። ሌላ ሞኝ ፈልግ።»

ችካሉን መምታት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ተደፋ።

ግዊሊም ዝም ብሎ ቢቆም ከሰሉ የእሱ ነው። ይህን አስቧል፤ ኋላም አልካደም። ሜሬሪድ ግን ከትከሻዋ ያወረደችውን ገመድ ወገቡ ላይ እያሰረች ነበር። ትንፋሹን ቋጥሮ ወረደ፤ ዱጋልድን በብብቱ ይዞ ጎተተ፤ እሷም ከላይ ሳበች።

ዱጋልድ ነፋስ ሲመታው ዐይኑን ገለጠ። «ማነህ?»

«ባላንጣህ።»

«ታዲያ ለምን ጎተትከኝ?»

ግዊሊም ገመዱን ከወገቡ ፈታ። መርዙ ገና ከጭንቅላቴ አልወጣ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሜሬሪድ በረዶ ጨብጣ የሁለቱንም ፊት አሸች። «ተነሱ። ቤት እዚሁ ነፋሱ ላይ እንሠራለን፤ ከሰሉንም እንካፈላለን። ሦስታችንም።»