የተነቀለው መስመር

«እጅ ከፍንጅ ያዝኳት!» አባቷ ቀይዋን ዶሮ አቅፎ ከአትክልቱ መደብ መሀል ብቅ አለ። ዶሮዋ የተከሰሰች አትመስልም፤ ተረጋግታ ግራ ቀኙን ትቃኛለች። «ገና የበቀሉትን ሦስቱንም የካሮት መስመሮች ሙልጭ አድርጋቸዋለች፤ የቀረው ሰርዶ ብቻ ነው። ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ደብተሯን እንደያዘች ከበረንዳው ወረደች። ከሁለት ወር በፊት እዚህ ቦታ ላይ ሳር ነበር፤ አባቷ በየቅዳሜው የሚያጭደው፣ ጠርዙን ተንበርክኮ በመቀስ የሚያስተካክለው ሳር። «ውሃ ይጠጣል እንጂ ምን ያበላናል?» እያለች ወር ሙሉ ስትጨቀጭቀው ቆይታ፣ በመጨረሻ ግማሹን ለቀቀላት። ግን ቃል አስገብቷታል፤ «በአንቺ ጥፋት የተበላሸ ነገር ካየሁ ሳሬን መልሼ እተክላለሁ። ያኔ ማልቀስ የለም።» ከዚያ ወዲህ ጎመኑን፣ ቲማቲሙን፣ ጥግ ላይ ያለችውን የሎሚ ችግኝ ሳይቀር በማስመሪያ እየለካች ትመዘግባለች።

«ፕሮፌሰር፣ እግዜር ይስጥሽ» አለ ታናሽ ወንድሟ ኳሱን እያነጠረ። «ሜዳዬን ነጥቀሽ ለዶሮ ቀለብ አደረግሽው!»

አልመለሰችለትም። «ሰርዶ ብቻ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ትናንት ስታርም ደህና ደህናውን ካሮት ብላ ትታው አልነበር እንዴ?

አባቷ ዶሮዋን ይዞ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ጋ ገባ። ንግግራቸው በአጥሩ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እትዬ፣ ይቺ ዶሮዎ የልጄን ካሮት ጨረሰችው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። «ውይ፣ አፈር ልብላ! አጥሩ ስር ሾልካ ነው። በሉ፣ ከጎረቤት ከምቀያየም ዶሮዎቼ ይቅሩብኝ። ነገ ጠዋት የእህቴ ልጅ ይመጣል፤ አራቱንም ይዟቸው ይሂድ።»

«ኧረ አራቱንም እንኳ አላልኩም...»

«የለም፣ አንዷን ከሌሎቹ ነጥዬ ምን ላደርጋት? ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የሚያዳምጡኝ እነሱ ነበሩ። ከእንግዲህ ከመኪናው ጋር አወራለኋ!» እትዬ ሳቁ። ሳቃቸው ግን እንደ ወትሮው አልረዘመም።

ልጅቷ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ዶሮ ስትጭር አፈሩን ወደ ኋላ ትበትነዋለች፤ ይሄ አፈር ግን ትናንት በእጇ እንዳለሰለሰችው ነው። አንዱን «ካሮት» ሳበችው። አልመጣም። ጠበቅ አድርጋ ስትስበው ነጭ፣ ባለ ብዙ አንጓ ሥር እየተጎተተ ወጣ። ውሃ የምታጠጣው መስመሩን ብቻ ስለነበር፣ ከመሬት ስር የተረፈው ሰርዶም ያንኑ መስመር ተከትሎ በቅሏል።

ትናንት የነቀለችውን ወደጣለችበት ጥግ ሮጠች። ከጠወለገው ክምር አንድ እንደ ክር የቀጠነ ቡቃያ አንስታ በጣቶቿ አሸችውና አሸተተችው። ካሮት፣ ካሮት ይላል።

ደብተሯ ላይ በራሷ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ «ስልሳ አንድ አረም ነቀልኩ።»

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» ወንድሟ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አሰገገ። ቡቃያውን አየ፤ ደብተሩን አየ። ዓይኑ ፈጠጠ። «አንቺው ነሽ እንዴ የነቀልሽው? በማስመሪያ እየለካሽ?»

«ቀስ በል!»

«እሺ፣ እሺ።» ትንሽ አሰበ። «ከተናገርሽ ሜዳዬ ይመለሳል። ዝም ካልሽ ደግሞ ቲማቲም እንበላለን። ለኔ ሁለቱም ይመቸኛል።»

«እትዬስ?»

ኳሱን ማንጠሩን አቆመ። ወደ አጥሩ ዞሮ አየ።

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ዶሮዋ በእርግጥ ገብታለች፤ አባቷም በዓይኑ አይቷታል። ደግሞ ዶሮዎቹ ወደ ዘመድ ቤት ነው የሚሄዱት፣ አይታረዱም። ልጅቷ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ መረመረቻቸው። አንዳቸውም ሐሰት አልነበረም። ካሮቱን የነቀለው ማን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይናገርም።

ቲማቲሞቹን አየቻቸው። ገና አረንጓዴ ናቸው፤ ትልቁ የአውራ ጣቷን ያህላል።

አባቷ ተመልሶ አጥሩ ስር ያለውን ቀዳዳ በድንጋይ እየደፈነ ነበር።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«እትዬ ጋ አብረኸኝ ትሄዳለህ? ዶሮዎቹን እንዳይሰጡ ልነግራቸው ነው።»

ድንጋዩን እንደያዘ ቀና አለ። «ለምን?»

«እየሄድን እነግርሃለሁ።»

አባቷ መዳፏ ላይ ያለውን የጠወለገ ቡቃያ አየ፤ ከዚያም ፊቷን። ድንጋዩን አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተከተላት። ከእነሱ በር እስከ ጎረቤት በር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እሷ በሁለተኛው ላይ መናገር ጀመረች።