የእትዬ ሙሉመቤት ቁልፍ

«ኸላስ፣ በቃ! ልጆቻችሁ ደረጃዬ ላይ ደግመው ቢጮኹ ክፍሉን ትለቃላችሁ!» አከራዩ ከላይኛው ፎቅ ቁልቁል አንባረቀ።

ሪሀና የታናሽ ወንድሟን የሚፍታህን አፍ በመዳፏ ከደነች። እናቶቹ የሥራ ሰዓት እያለፈባቸው፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት እንዳዘሉ የተዘጋው በር ፊት ተኮልኩለዋል። ዓረብ አገር ለሥራ የመጡት የሺያህ ሰፈር ሐበሻ እናቶች ማኅበር ለልጆች መዋያ የተከራየው ክፍል ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሊቀመንበሯ ከእትዬ ሙሉመቤት አንገት ወርዶ አያውቅም። እትዬ ሙሉመቤት ደግሞ የሚያድሩት ጀማይዜ የሚባል ሌላ ሰፈር፣ አሠሪያቸው ቤት ነው። ልጆቹን እናቶቹ በተራ ይጠብቃሉ፤ ቁልፉ ግን ተራ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ሪሀና «ቁልፉ ይባዛና ተረኛዋ ትያዘው» ብላ ነበር። እትዬ ሙሉመቤት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ ሁሉም ሳቁ፤ የገዛ እናቷ ሙና ሳትቀር። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግባታል።

እትዬ ሙሉመቤት እያለከለኩ ደረሱ። «ማዳሜ ሳሎኑን ሳትጨርሺ አትወጪም ብላ ይዛኝ ነው።» ከችኮላቸው የተነሳ ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ። ሪሀናን በሕፃንነቷ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

በሩ ተከፈተ። «ነገም እኔው እከፍታለሁ» አሉ። እናቶቹ መሬት መሬቱን አዩ።

ሪሀና አፏን ልትከፍት ስትል ሙና ክንዷን ቆነጠጠቻት። ይህ ክፍል ከቀረ ግን ሚፍታህ እንደ ድሮው ቤት ተቆልፎበት ሊውል ነው።

«እትዬ፣ ነገስ ማዳምዎ ባትለቅዎስ?»

«ልጅ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ! ያኒ፣ ማለቴ አንቺ አይደለሽም!»

«ተረኛዋ ትጠየቃ! ሁሉን ብቻዎን ለምን ይሸከማሉ?» አለች ሪሀና።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ እስከዳር የምትባለው እናት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰኞን እኔ እይዛለሁ።»

ሙና የሪሀናን ክንድ ለቀቀች። «ማክሰኞን እኔ።»

 እትዬ ሙሉመቤት የቁልፉን ክር ከአንገታቸው አውልቀው ለሪሀና አቀበሏት።

«ያላ፣ በይ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሂጂ። ለእኔም አንድ አስቀርጪልኝ፤ እንዳትረሺ።»

ቁልፉ ገና ይሞቃል። ሪሀና ደረጃው ላይ ቆም ብላ ክሩን አንገቷ ላይ ልታጠልቀው አነሳችና ተወችው። በእጇ ጨብጣው ወረደች።