ጉቶ የሌለበት ማሳ

ትራክተሩ ማሳው ላይ የተተከለ እንጨት ጋ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ አብዱልሀኪም አንገቱን አውጥቶ፣ «ጉቶ ነው እንዴ?» አላት።

የትናየት ከጠዋት ጀምራ ፀሐይ ላይ ቆማ አፏ ደርቋል። አራቱን እንጨቶች የተከለችው ራሷ ናት፤ ሽንፋ ወንዝ ዳር ባለው የአባቷ ማሳ ላይ ባለ ረጅም እግር የውሃ ዳር ወፎች ባዶ መሬት ላይ እንቁላል ጥለዋል። ያሉበትን በእንጨት አመልክቱ ያለው የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነው። እዚህ አገር ግን ማሳ ላይ የተተከለ እንጨት ጉቶ አለ፣ የማረሻ ዲስክህ እንዳይሰበር ማለት ነው። ይህን ማንም አላሰበውም።

«አዎ፣ ጉቶ ነው» አለች።

ሾፌሩ እንጨቱን ዞሮ አለፈ። አራቱንም ዞራቸው። እሰይ አለች በልቧ፤ ለዲስኩ የሚሳሳ ሰው ለእንቁላል ይሳሳል ብላ አታምንም ነበር።

ደስታዋ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። አባቷ አቶ አምባው ትራክተሩን ሦስት ቀን ወረፋ ጠብቀው፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ያልታረሰውን አይተው ምንድን ነው አሉ፤ ሾፌሩም ጉቶ ነው አላቸው። ወዲያው እንግዳው የሚባለውን ሠራተኛ ጠሩት። እንግዳው በየክረምቱ ከጎጃም የሚመጣ ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አምና ይህን ማሳ የመነጠረው እሱ ነበር። ጉቶውን ሳትነቅል ጨረስኩ ብለህ አታለልከኝ፣ ዘንድሮ እኔ ዘንድ ሥራ የለህም አሉት።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ነቅያለሁ» አለ። ሰው ሳያምነው መቅረቱን የለመደው ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን አነሳ።

የትናየት ዝም ብትል ወፎቹ ይተርፋሉ። ብትናገር ደግሞ ለወፍ ብሎ መሬቱን ጦም የሚያሳድር ገበሬ አታውቅም። ምነው ይህን ክበብ ባልገባሁ አለች። ሰውየው ወደ መንገዱ መውጣት ጀምሯል።

«አባዬ፣ እንግዳው ምንም አላጠፋም። ጉቶ የለም፣ የወፍ እንቁላል ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አባቷ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። እንግዳውን በእጃቸው ተመለስ አሉት፤ ሾፌሩን ደግሞ መጀመሪያ ወዲያኛውን ወገን ጨርስ፣ ይህን ኋላ እናየዋለን አሉት። ይታረስ ወይስ ይቅር አልተናገሩም።

ቤት ሄዳ ብትተኛ ደስ ባላት። እሷ ግን ከእንቁላሎቹ ራቅ ብላ ቁጭ አለች። ከወፎቹ አንዷ ስትጮህባት ቆየችና፣ ሲደክማት መጥታ እንቁላሎቿን ታቀፈች። የትናየት የተቀመጠችው ትራክተሩ በሚመለስበት በኩል ነበር።